ለደሴዋ እህታችን፦ የቆሽት ኦፕራሲዮን ያለ ትልቅ ቅድ

እህቴ፣ አብሽሪ። «እናቴ ቆሽቷ ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ሆዷ ሳይከፈት በካሜራ ይወጣል ወይ?» ብለሻል። አዎ፣ ይቻላል። ወሳኙ ግን ዕጢው ያለበት ቦታ ነው።

የቆሽቱ ጅራት በሚባለው በግራ በኩል ባለው ቀጭን ጫፍ ከሆነ ጥሩ ነው። የእናትሽ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ። የተቆረጠው ክፍል በከረጢት ተደርጎ፣ አንዱ ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይወጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ላይ እንዲህ የተሠሩት በ4 ቀን ገደማ ሲያገግሙ፣ ሆዳቸው የተከፈተው 6 ቀን ፈጅቶባቸዋል። ጣፊያ ከጅራቱ ጋር ስለሚጎራበት አብሮ ሊወጣ ይችላል። እንደዚያ ከታሰበ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድመው ይውሰዱ። ይኼን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ አደራ!

የቆሽቱ ራስ በሚባለው በቀኝ በኩል ባለው ወፍራም ጫፍ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የትንሹ አንጀት መጀመሪያና የሐሞት ቱቦው ክፍል አብረው ተቆርጠው ይወጣሉ፤ የቀረው እንደገና እርስ በርስ ይሰፋል። እዚያው ኔዘርላንድ ይህን በካሜራ ሲሞክሩ፣ በካሜራ ከተሠሩት የሞቱት ስለበዙ ጥናቱን ሳይጨርሱ አቁመውታል። ስለዚህ ሐኪሙ «ሆድ ይከፈት» ካለ አትከፊ።

ደግሞ ቅዱ አነሰ ማለት የቆሽት ፈሳሽ ከተቆረጠው ቦታ ማፍሰሱ ይቀራል ማለት አይደለም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ትኩሳት ወይ የሆድ ሕመም ከባሰ ቶሎ ወደ ሆስፒታል መልሻቸው።

አዲስ አበባ ስትሄዱ የሲቲ ስካኑን ምስል በሲዲ ያዢ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ሐኪሙንም «ይህን ኦፕራሲዮን በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ነውር የለውም።