የተቆረጠ የዓሣ ክንፍ እንዴት ተመልሶ ይበቅላል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የዓሣ ክንፍ ቢቆረጥ ይበቅላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። በዚህ ጉዳይ በብዛት የተጠናችው የደቡብ እስያዋ ዜብራ ዓሣ ናት። የጭራ ክንፏ ሲቆረጥ በአንድ ቀን ውስጥ የቆዳ ህዋሳት ቁስሉን ይሸፍኑታል። በሁለተኛው ቀን ገደማ ከሥሩ ብላስቴማ የሚባል የሚራባ የህዋስ ክምችት ይፈጠራል። ውሃው 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አጥንቱም ደም ሥሩም ይመለሳል። በዚህ ሥራ በህዋሳት መሃል ያለው ማትሪክስ የሚባለው ነገር ትልቅ ድርሻ አለው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ማትሪክስ ማትሪክስ ትላለህ፤ በህዋሳት መሃል ያለው ነገር መሙያ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፣ እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ማትሪክስ ህዋሳት ራሳቸው ሠርተው ወደ ውጭ የሚያወጡት የፕሮቲንና የስኳር ሰንሰለት መረብ ነው። ህዋስ እሱን ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ መባዛቱም መቆሙም ከያዘው ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ክንፍ ሲቆረጥ አሮጌውን መረብ ኢንዛይሞች ያፈርሱታል፤ እነሱ በመድኃኒት ከታገዱ እድገቱ ይጓተታል። ከዚያ በአዲሱ መረብ ውስጥ ቴናሲን ሲ የሚባል ፕሮቲን እና ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባል የስኳር ሰንሰለት ይበዛሉ። ላሚኒን ቤታ 1ኤ የሚባል የመረቡ ፕሮቲን የጎደላት ዓሣ ደግሞ ቁስሏ ቢሸፈንም የሽፋኑ የታችኛው ህዋሳት ሥርዓት ይዘው አይደረደሩም፤ ብላስቴማውም በወጉ አይፈጠርም።

ጥያቄ፦ ሃያሉሮኒክ አሲድ የፊት ቅባት ላይ የሚጻፈው ነው?

መልስ፦ ራሱ ነው፣ ውሃ አጥብቆ ይይዛል። የክንፍን አጥንት ጠጋ ብላችሁ ብታዩት እንደ ሸንኮራ አገዳ አንጓ በአንጓ የተቀጣጠለ ዘንግ ነው። ይህን አሲድ ከመረቡ ጋር የሚያስተሳስር ሃፕልን 1ኤ የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱ ሲቀነስ አሲዱም ይቀንሳል፣ አዲሱ ክንፍ ያጥራል፣ እያንዳንዱ አንጓም ያጥራል። መሙያ ቢሆን ኖሮ የአጥንትን ልክ ባልወሰነ ነበር!

ጥያቄ፦ ታዲያ እኛ ለምን አይበቅልልንም?

መልስ፦ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ጥልቅ ቁስላችንን ግን ኮላጅን የሚባል የመረቡ ፕሮቲን ጥቅጥቅ ብሎ ይሞላውና ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። የጣት ጫፍ ግን፣ በተለይ በሕፃናት፣ አንዳንዴ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያለው ጎልድፊሽ ክንፉ ተበጣጥሷል፣ ይድናል?

መልስ፦ የጎልድፊሽ ክንፍ እንደሚበቅል በ1786 ፈረንሳዊው ብሩሶኔ ጽፎታል። የክንፉ ሥር ካልተበላሸ ተስፋ አለው። ውሃውን በከፊል ቶሎ ቶሎ ቀይሪለት፣ የሚነክሰው ዓሣ ካለም ለይው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ እድገቱ ስለሚዘገይ አትቸኩዪ።