መልስ፦ ከሳንባ ምች በኋላ የጠቆረ ሽንትና ቢጫ ዓይን

እህቴ፣ ወንድምሽ ከሳንባ ምች ካገገመ በኋላ ዓይኑ ቢጫ፣ ሽንቱ የኮካ መልክ የሆነው ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። ድሬ ላይ መጀመሪያ ወባ መመርመሩ ልክ ነው። ወባ ከሌለ ግን ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ ጣጣ ሊሆን ይችላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያመረተው አይጂኤም የተባለ አንቲቦዲ ብርድ ሲያገኝ ቀይ የደም ሴሎችን ያጣብቃል፤ ከዚያ ሴሎቹ ይፈርሳሉ። ዓይኑን ቢጫ፣ ሽንቱን ጥቁር የሚያደርገው ይህ መፍረስ ነው፤ በሽታው ኮልድ አግሉቲኒን ይባላል።

ሐኪሙን ስለ ኩምብስ ምርመራ (ቀይ የደም ሴሎች ላይ የተለጠፈ ነገር መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ጠይቁት። በዚህ በሽታ ሲ3 (ሴሎቹ ላይ የሚለጠፍ የመከላከያ ፕሮቲን) ፖዘቲቭ፣ አይጂጂ (ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቭ ይሆናል። የደም ናሙናው 37 ዲግሪ ላይ ካልቆየ ማሽኑ የተጣበቁትን ሴሎች እንደ አንድ ትልቅ ሴል ይቆጥራቸዋል፣ ሲቢሲው (የደም ሴሎች ቆጠራው) ይምታታል። ላብራቶሪውን ቀድማችሁ አሳስቡ።

ከኢንፌክሽን በኋላ የመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ስቴሮይድ ለዚህ ብዙም አይፈይድም። ዋናው ነገር ሙቀት ነው (የድሬ ፀሐይ ለአንድ ቀን እንኳን ጠቀመች!)። ኤሲ ፊት አይቀመጥ። ወደ ሐረር ሲወጣ፣ መንገዱ ላይ ባለው ብርዳማው ደንገጎ ጃኬትና ካልሲ አይለየው። ደም መውሰድ ካስፈለገው በማሞቂያ አልፎ ይሰጠው። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ልቡ በኃይል ከመታ ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው።