ስለ ኢም መንደር ለቀረበው ጥያቄ መልስ

«የኢም ሰዎች ወረርሽኙ ሲገባባቸው ለምን አልሸሹም?» ብለው ለጠየቁት፦ በእንግሊዝ ደርቢሸር የምትገኘው ይህች ትንሽ መንደር እ.ኤ.አ. በ1665 ከለንደን በመጣ ጨርቅ ሳቢያ እንደገባ በሚነገርለት የቸነፈር ወረርሽኝ ስትመታ የሸሹ ነበሩ፤ ሆኖም በ1666 ቄሱ ዊልያም ሞምፔሰንና ከእርሳቸው በፊት ያገለገሉት ቶማስ ስታንሊ፣ በሽታው ወደ ጎረቤት መንደሮች እንዳይዛመት ሕዝቡ ከወሰኑ እንዳይወጣ አሳመኑት። ምግብ ከወሰኑ ድንጋይ ዘንድ ይቀመጥላቸው ነበር፤ ዋጋውንም በሽታው በሳንቲሙ እንዳይተላለፍ ሆምጣጤ በተሞሉት የድንጋዩ ጉድጓዶች ውስጥ ሳንቲም እየጨመሩ ይከፍሉ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን በስምንት ቀናት ውስጥ ባለቤቷንና ስድስት ልጆቿን የቀበረችው የኤልሳቤጥ ሃንኮክ ታሪክ ነው። የሞምፔሰንን ባለቤት ጨምሮ 260 ያህል ሰዎች አልቀዋል፤ ዛሬም በየዓመቱ በኦገስት የመጨረሻ እሑድ የመታሰቢያ ጸሎት ይደረግላቸዋል።