ስለ ሀገር ቤት ለሚጨነቁ ወገኖቼ

ከሀገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ጭንቀት ሀገር ውስጥ ካለው ሰው ጭንቀት የተለየ መሆኑን በውጭ በኖርኩባቸው ረጅም ዓመታት በሚገባ ተረድቻለሁ። እዚያ ያለው ወገናችን ችግሩን በዓይኑ ያየዋል፤ የዘይቱን ዋጋ ከሱቁ ይሰማል፤ መንገዱ ተከፍቶ እንደሆነ ከመናኸሪያው ይጠይቃል፤ ከዚያም የቻለውን አድርጎ ወደ ቤቱ ይገባል። እኛ ግን የምናየው ሌሎች መርጠው ያሳዩንን ነው፤ ያየነውንም በእጃችን ልናስተካክለው ስለማንችል ሥጋታችን መጠን ያጣል፣ ሌሊቱን ስልክ ስንነካካ እናድራለን። በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በፍራንክፈርት፣ በቴል አቪቭም ሆነ በሪያድ የምትኖሩ ወንድሞቼና እህቶቼ ይህን በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። አትጨነቁ ብዬ ልመክራችሁ አልመጣሁም፤ እናትና አባቱ፣ እህትና ወንድሙ እዚያ ያሉበት ሰው እንዲህ ቢባል አይሰማም፣ ሊሰማም አይገባውም። የምለምናችሁ፣ ከጭንቀታችን የተነሣ የምንልከው ገንዘብ፣ የምንናገረው ቃልና የምንወስነው ውሳኔ ሁሉ የሚያርፈው በእኛ ላይ ሳይሆን እዚያ ባሉት ላይ መሆኑን አስቀድመን እንድናስብ ነው።

ብዙዎቻችን ለቤተሰባችን የምንደርስለት በገንዘብ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ70 ብር አለፈ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከዓመት በኋላም ከ130 ብር በላይ ደረሰ። ነገሩ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ሀገሪቱ ለዓመታት በውጭ ምንዛሪ እጥረት ስትቸገር ቆይታ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በቦንድ፣ ማለትም በብድር ሰነድ፣ ከውጭ የተበደረችውን የ1 ቢሊዮን ዶላር ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀርታ ነበር፤ የምንዛሪው ለውጥም ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ከተደረገው የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ጋር አብሮ የመጣ ነው። ያን ሰሞን በእኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ሰው አየሁ። አንዱ ብር ወረደ፣ ሀገር አለቀላት ብሎ እንቅልፍ አጣ። ሌላው ደግሞ የምልከው መቶ ዶላር በእጥፍ ተመነዘረ፣ እንግዲህ ቤተሰቤ ደልቶታል ብሎ የሚልከውን ቀነሰ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ነዳጁ፣ የምግብ ዘይቱ፣ መድኃኒቱና የመኪናው መለዋወጫ በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ነው፤ የትራንስፖርቱ ዋጋ ሲጨምር ከጎጃም የሚመጣው ጤፍም አብሮ ይጨምራል። በወር ደመወዝና በጡረታ የሚኖር ሰው ገቢው የዋጋውን ያህል አይሮጥም። ስለዚህ የምትልኩትን መጠን ስትወስኑ ከምንዛሪው ሰሌዳ ይልቅ የቤተሰባችሁን ወጪ ተመልከቱ።

ይህንንም ለማወቅ አጠያየቁን ማወቅ ያስፈልጋል። እናታችሁን የምልክልሽ ገንዘብ ይበቃሻል ወይ ብላችሁ ብትጠይቋት፣ ይበቃኛል ልጄ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ገበያ የሚወጣውን ወንድም ወይም አስቤዛ የምትገዛውን እህት ጠይቁ፤ ጤፍ በኪሎ ስንት ገባ፣ የአምስት ሊትሩ ዘይት ስንት ነው፣ የቤት ኪራዩ ጨመረ ወይ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ መቼ ነው፣ የአባታችን የደም ግፊት መድኃኒት ከየትኛው መድኃኒት ቤት በስንት ይገዛል ብላችሁ በየሦስት ወሩ ብታጣሩ፣ በአንድ የስልክ ጥሪ ውስጥ ስለ ሀገሪቱ ኢኮኖሚ ከብዙ ሰዓት ትንታኔ የበለጠ ትማራላችሁ። አላስፈላጊ ጭንቀታችሁም የዚያን ያህል ይቀንሳል፤ የሚያስጨንቀው ነገር ስም ሲወጣለትና ዋጋው ሲታወቅ መፍትሔ መፈለግ ይቻላልና።

አላላኩን በተመለከተ፣ በየወሩ የሚደርስ አነስተኛ ገንዘብ በዓል ሲመጣ ብቻ ከሚላክ ከፍ ያለ ገንዘብ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር የሚሆነውን ደግሞ ለብቻው አስቀምጡት፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር ከዕለት ኑሯችሁ እየነጠላችሁ አትላኩ። ወላጆቻችሁ በገጠር ወይም ያለ ቋሚ ደመወዝ በከተማ የሚኖሩ ከሆነ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዓመታዊ መዋጯቸውን በምዝገባው ወቅት መክፈላቸውን ጠይቁ። መዋጮው ከሕክምናው ወጪ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ ባለመከፈሉ ግን ስንት ቤተሰብ ለሕክምና ብሎ በሬውን ሸጧል! የጤና ጣቢያው መድኃኒት ሁልጊዜ የተሟላ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መድኑ ለምርመራና ለመኝታ ከኪስ የሚወጣውን በእጅጉ ይቀንሳል።

ስለ ጥቁር ገበያው ዝም ብዬ ባልፍ ምክሬ ጎደሎ ይሆናል። ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ያህል ስለነበር በባንክ መላክ እንደ ሞኝነት ይታይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ አንዴ ሲጠብ አንዴ ሲሰፋ ቆይቷል። ለቤተሰቡ ጥቂት ብር እንዲጨምርለት የሚፈልገውን ሰው አልፈርድበትም። ነገር ግን በዚህ መንገድ ስትልኩ በእናታችሁ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ የሚያስገባው የማታውቁት ሰው ነው፤ ያ ገንዘብ ከምን እንደመጣም አታውቁም። ባለሥልጣናት በዚህ ንግድ የተጠረጠሩ ሰዎችን ሒሳብ ያገዱባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ሒሳቡ በተዘጋ ጊዜ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የምትንከራተተው ደግሞ እናንተ ሳትሆኑ ምንም የማታውቀው አሮጊት ናት። የተወሰነ ብር ቢያሳጣም የላኪው ስም፣ የተቀባዩ ስምና ደረሰኝ ያለበትን መንገድ እንድትመርጡ እመክራለሁ።

አሁን ከገንዘቡ ወደ ከበደው ነገር ልለፍ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ባንክ ተቋርጦ፣ በውጭ የሚኖሩ የትግራይ ተወላጅ ወገኖቻችን የወላጆቻቸውን ሞትና ሕይወት ሳያውቁ ረጅም ጊዜ ኖረዋል፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መስመሩ ሲከፈት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ዜና ለብዙዎቹ መርዶ ነበር። በዚያው ዓመትም በአማራ ክልል ግጭት ተባብሶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በምዕራብ ኦሮሚያ ቤተሰብ ያላቸውም ይህን ዝምታ ቀደም ብለው ያውቁታል። ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ተግባራዊ ነገር፣ መስመር በሚሠራበት ጊዜ መስመር ለሚጠፋበት ጊዜ መዘጋጀት እንደሚገባ ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚገናኝ ቤተሰብ የመደበኛ ስልክ ቁጥሮችን፣ የጎረቤትን፣ የዕድሩን ዳኛ፣ ከተቻለም በሌላ ከተማ የሚኖር አንድ የታመነ ዘመድ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይያዝ። ለአንድ ሁለት ወር የሚሆን እህልና መድኃኒት በቤት እንዲኖር አስቀድማችሁ ላኩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነውና፣ የወላጆቻችሁ ጎረቤቶች ለቅሶ ሲደርስባቸው ወይም ልጅ ሲድሩ ከሩቅም ቢሆን ድርሻችሁን አድርጉ። ስልክ በጠፋ ጊዜ ለእናታችሁ ውኃ የሚቀዳላት የእነርሱ ልጅ ነው።

ስልኩ ሲሠራ ደግሞ የምንናገረውን እንመዝን። ማታ የሰማነውን አስፈሪ ወሬ ይዘን ጠዋት ለአባታችን ደውለን፣ እንዲህ ሆነ ይባላል፣ እውነት ነው ወይ፣ ከእነማን ጋር ናችሁ፣ በሰፈራችሁ ማን ገባ እያልን መጠየቅ ፍቅር ቢመስልም ለሚሰማው ሰው ሸክም ነው። በስልክ ሊመልሰው የማይፈልገውን፣ ቢመልሰውም የሚያስፈራውን ጥያቄ አትጠይቁት። ደህንነቱን፣ እንቅልፉን፣ የጎደለበትን ጠይቁ። እርሱ ሊነግራችሁ የሚገባ ነገር ካለ በራሱ ጊዜና በራሱ አነጋገር ይነግራችኋል፤ ይህን ያህል የንግግር ጥበብ ወላጆቻችን አያጡም። ያንን ሀገር ጥላችሁ ውጡ እያላችሁ በየሳምንቱ የምትጎተጉቱትም ቢሆን፣ መውጫው በእጃችሁ ከሌለ በስተቀር በቃል ብቻ አታስጨንቋቸው።

ስለ ፖለቲካው የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ሊያስቀይም እንደሚችል እያወቅሁ ነው። በሀገራችን ጉዳይ አስተያየት መስጠት፣ ሰልፍ መውጣት፣ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ መጻፍ፣ ለተፈናቀሉት ገንዘብ ማሰባሰብ መብታችን ነው፤ ከዚህም ብዙ መልካም ነገር ተገኝቷል። ነገር ግን ልጆቻችንን በሰላም ትምህርት ቤት አድርሰን ስንመለስ፣ የሌላውን ሰው ልጅ ተነሥ፣ ታጠቅ፣ ዝመት ማለት እጅግ ከባድ ኃላፊነት ነው፤ የሚሞተው እርሱ ነው፣ ከል የምትለብሰውም እናቱ ናት። በየትኛውም ወገን ያላችሁ ብትሆኑ ይህን ለራሳችሁ ጠይቁ፤ የራሴ ልጅ እዚያ ቢሆን ኖሮ ይህን ቃል እናገረው ነበርን? ካልሆነ እባካችሁ አትናገሩት። በሕግም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት ያስጠይቃል። እኛ ከዚህ የጻፍነውን የአጎታችን ልጅ እዚያ ሆኖ ቢያጋራው እኛ ሳንነካ እርሱ ሊጠየቅበት ይችላል። ቤተሰብን በስሙና በሰፈሩ የሚያስለይ ምስል ከፖለቲካ ጽሑፍ ጋር አብራችሁ አታውጡ።

ምስል ካነሣሁ አይቀር ሌላም የማስጠነቅቀው አለ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የነበሩ ተማሪዎች በኦሮሚያ ክልል በገርበ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማስለቀቂያው ገንዘብ ዘመዱ ውጭ ሀገር ካለ ሰው ሊፈለግ ይችላል። የላካችሁትን መኪና፣ የሠራችሁትን ቤት፣ ለሠርግ የምትገቡበትን ቀንና የምትሄዱበትን መንገድ ለሰው ሁሉ አታሳዩ። ወደ ገጠር የሚወስደውን መንገድ ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ ወስኑ፤ በአየር መድረስ የሚቻልበት ከሆነም ወጪውን አትሰስቱ።

ቤት መሥራትንና ንግድ መክፈትን በአጭሩ ልንካ። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ብዙዎቻችን ቢጫ ካርድ የምንለው፣ የያዘ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቤት የማፍራትና እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት የመቆጠር መብት አለው። መብቱ አለ ማለት ግን አሁኑኑ መግባት ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ቢጠፋ የማያስጨንቃችሁን ያህል ብቻ አስገቡ፤ ለወንድም የምትሰጡት ውክልናም ምን መሸጥ፣ ምን መግዛት እንደሚችል ለይቶ የሚናገር ይሁን እንጂ ሁሉን ክፍት አድርጎ የሚሰጥ አይሁን። በአዲስ አበባ ቦታ ከመግዛታችሁ በፊት ቦታው የመልሶ ማልማት ወይም የኮሪደር ልማት ዕቅድ ያረፈበት መሆን አለመሆኑን በባለሙያ አስጣሩ። በወንድማማቾች መካከል ጽሑፍ መኖሩን እንደ አለመተማመን የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ባየሁት ያጣላው የጽሑፉ አለመኖር ነው።

በመጨረሻ የምናገረው በተለይ በዓረብ ሀገራት ለምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ ነው፤ የሌሎቻችን ጭንቀት ከእናንተ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነውና። የደመወዛችሁን ሙሉውን ወደ ቤት እየላካችሁ ባዶ እጃችሁን የምትቀሩ ብዙዎች ናችሁ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ተባረው ሲመለሱ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞችን ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ አይተናል። እኛ የምንጨነቅለት ሀገር ብቻ ሳይሆን የምንኖርበትም ሀገር ይናወጣል። ስለዚህ ከደመወዛችሁ አንድ ክፍል፣ አሥረኛውም ቢሆን፣ በራሳችሁ ስም በተከፈተና ሌላ ሰው ሊያወጣበት በማይችል የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ባንኩ ከፈቀደላችሁም በውጭ ምንዛሪ ይሁን። ለቤተሰብ የምትልኩትንም ይህን ካስቀመጣችሁ በኋላ ከሚተርፈው ወስኑ። ለምን ቀነሰ ቢሏችሁ ምክንያቱን በግልጽ ንገሯቸው። የፓስፖርታችሁንና የሥራ ውላችሁን ፎቶ ደግሞ ለምታምኑት አንድ የቤተሰብ ሰው ዛሬውኑ ላኩለት።