ለእናትሽ ተቅማጥ ቀጠሮ አትጠብቂ

እህቴ፣ እናትሽ ለኩላሊት ካንሰር ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ እየወሰዱ በቀን 6 ጊዜ ያህል እንደሚያስቀምጣቸው ጽፈሻል። አሜባ ይሆን? እስከ ቀጠሯቸው ኢሞዲየም (የተቅማጥ ማቆሚያ) ልስጣቸው? ብለሽ ጠይቀሻል። ባለቤቴም በእነዚሁ መድኃኒቶች እንዲሁ ሆኖ ነበር። ዛሬውኑ ካንሰር ክፍሉ ደውዪ። ማታ ከሆነ ተረኛ ሐኪም ጠይቂ።

መድኃኒቶቹ ኢሚውኖቴራፒ ይባላሉ፤ የሰውነት መከላከያን ልጓም ይፈታሉ። ካንሰሩን ሲያሳድድ ጤነኛውን አንጀትም ሊያስቆጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ይመጣል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም የሚመጣባቸው አሉ።

ከወትሮው በቀን ስንት ጊዜ እንደጨመረ ይጠይቁሻል። ከ4 እስከ 6 ከጨመረ መካከለኛ፣ 7ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይሉታል። እናቶቻችን ደግሞ «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳሉ፤ ራስሽ ቁጠሪ። ደም፣ ትኩሳት፣ ከባድ ቁርጠት ወይም ማዞር ካለ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ገና ስትገቢ ኢሚውኖቴራፒ ላይ እንደሆኑ ተናገሪ፤ ኬሞ ነው አትበይ፤ ሕክምናው ይለያያል።

አሜባ መሆኑን የሰገራ ምርመራ ይለየዋል። ቤት ያለውን ሜትሮኒዳዞል (የአሜባ መድኃኒት) አትስጫቸው። ኢሞዲየምም ሐኪም ሳያዝ ምልክቱን ሊሸፍን ይችላል። አይቡፕሮፌን አንጀቱን ያባብሳልና ይቅር።

በአብዛኛው ፕሬድኒሶን የሚባል ስቴሮይድ ይጀመራል፤ የተቆጣውን የሰውነት መከላከያ ያበርዳል። በ3 እስከ 5 ቀን ለውጥ ካልመጣ ኢንፍሊክሲማብ ወይም ቬዶሊዙማብ የሚባል ሌላ የአንጀት ቁጣ ማብረጃ በደም ሥር ይሰጣል። ባለቤቴን ያሻለው ኢንፍሊክሲማብ ነው።

ይህቺን ግን አደራ። እናትሽ ኢትዮጵያ እንዳደጉ ለሐኪሙ ንገሪው። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ሳይታወቅ ለብዙ ዓመታት ሰውነት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ሲሰጥ ተባዝቶ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። የተኛ ቲቢም በኢንፍሊክሲማብ ሊቀሰቀስ ይችላል። ሁለቱም በደም ይመረመራሉ። ባህር ማዶ ያለ ሐኪም ሁሉ አያስታውሰውም፤ የኛን ያስታወስኩት እኔ ነኝ።

ምግብ በሽታውን አያድንም፤ ግን ለጊዜው በርበሬ፣ ጥሬ አትክልትና ወተት ይቅርባቸው። ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ለስላሳ ሾርባ ይስማማል። ፈሳሽ በብዛት፣ ጨውና ስኳር የገባበት ቢሆን ይመረጣል።

ሲሻላቸው ፕሬድኒሶኑን በራሳቸው እንዳያቆሙ። ቀስ እያለ በ4 እስከ 6 ሳምንት ነው የሚቀነሰው። ስኳር ካለባቸው ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይነሳል፤ ጠዋት ቢወስዱት ይሻላል።

ካንሰሩ ያለ ሕክምና ይቀራል ብለሽም አትስጊ። የባለቤቴ ኢፒሊሙማብ ቆመ፤ አንጀቱ ሲረጋጋ ኒቮሉማብን ብቻውን ቀጠለ። ሐኪሙ ዛሬ ምን እንዳለ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።