ክብደት በኪሎ ወይስ በኒውተን?

ጥያቄ፦ ልጄ ፈተና ላይ «ክብደቴ 45 ኪሎ ግራም ነው» ብላ ጽፋ መምህሯ ስሕተት ነው አሏት። ዕድሜ ልካችንን እንዲህ ስንል ኖረናል። አማርኛችን ተሳስቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አልተሳሳተም። በገበያም በጤና ጣቢያም ክብደት በኪሎ ይነገራል፤ ይህን የሚያርም ሰው ቢመጣ እኔ ከገበያተኛው ጋር ነኝ። መምህሯም ግን ልክ ናቸው፤ ፊዚክስ ይህንኑ ቃል ወስዶ ጠበብ ያለ ትርጉም ሰጥቶታልና።

በፊዚክስ ክብደት ማለት ምድር አንድን አካል ወደ ራሷ የምትስብበት ኃይል ነው፤ መለኪያውም ኒውተን ነው። 45 ኪሎ ግራሙ የልጅዎ መጠነ ቁስ ነው፤ ማለትም በአካሏ ውስጥ ያለው የቁስ መጠን። በምድር የስበት ፍጥንጥነት፣ ማለትም በ9.8፣ ሲባዛ ክብደቷ 441 ኒውተን ይሆናል። ጨረቃ ላይ ብትቆም ክብደቷ ወደ 73 ኒውተን ይወርዳል፤ መጠነ ቁሷ ግን ያው 45 ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች መጠነ ቁስን «ግዝፈት» ይሉታል። እኔ አልመርጠውም፤ ግዝፈት ዐይን የሚሞላውን ያሳስባል፤ አንድ ጆንያ ጥጥ ደግሞ ከትንሽ የብረት ቁራጭ እጅግ ገዝፎ በመጠነ ቁስ ሊያንስ ይችላል።

ሁለቱን የሚለያቸው መለኪያቸው ብቻ አይደለም። መጠነ ቁስ ስኬላር ነው፤ ቁጥርና መለኪያ ይበቃዋል። ክብደት ቬክተር ነው፤ አቅጣጫም አለው፤ ቁልቁል። ስለዚህ በጽሑፍ የክብደት ምልክት ከላዩ ቀስት ይደረግበታል ወይም ይደምቃል፤ በሥዕል ደግሞ ራሱ ቀስት ሆኖ ርዝመቱ መጠኑን፣ ጫፉ አቅጣጫውን ያሳያል።

ተማሪዎች ስኬላርንና ቬክተርን «ወዴት?» ብለው በመጠየቅ ሊለዩ ይሞክራሉ። «ሙቀቱ 25 ዲግሪ ነው» ለሚል ሰው «ወዴት?» ማለት ትርጉም የለውም፤ «ሳጥኑን በ10 ኒውተን ገፋሁት» ላለ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ጥሩ መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን አያስተማምንም። የኤሌክትሪክ ጅረት በሽቦው ውስጥ ወዴት እንደሚፈስ ይነገራል፤ ሆኖም ስኬላር ነው። ዋናው ፈተና አደማመሩ ነው። 3 እና 4 አምፒር (የጅረት መለኪያ) በሁለት ሽቦ መጥተው ወደ አንድ ቢገቡ፣ ሽቦዎቹ በየትኛውም ማእዘን ይገናኙ፣ የሚወጣው 7 አምፒር ነው። 3 እና 4 ኒውተን ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ከሳቡ 7፣ በተቃራኒ ከሳቡ 1፣ በቀጤ ማእዘን ከሳቡ 5 ይሆናሉ።

ልጅዎ ለፈተና «መጠነ ቁሴ 45 ኪሎ ግራም ነው» ትጻፍ። ቤት ውስጥ «ክብደቴ 45 ኪሎ ነው» ስትል አያርሟት።