አንድ ሰው ሲቀር የማይፈርስ ካምፔይን

ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፣ ሌላውም እንዲከታተል። አምስት ጓደኛሞች ናችሁ፣ ሰፈራችሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዲኤንዲ ጀመራችሁ፤ ማስተር የሚባለው አንድ ሰው ታሪኩን ሲመራ ሌላው የየራሱን ካራክተር (ገጸ ባሕርይ) ይዞ በዳይስ የሚጫወተው ማለት ነው። ካምፔይኑ፣ ማለትም ከሳምንት ሳምንት የሚቀጥለው ታሪክ፣ ተበተነ። እንደገና ጀመራችሁ፣ ያው ሆነ። አንዱ ሲቀር ሌላው "በቃ ለሚቀጥለው ሳምንት" ይላል። ዳይሱም መጽሐፉም የላችሁም። "ትተነው ወደ ቦርድ ጌም እንመለስ ወይ?" ነው ያልከው።

አቦ፣ አትተዉት! ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ አለ፤ የትም አገር ያለ ተጫዋች እስከ ዛሬ የሚያማርረው ቀጠሮን ነው። የእናንተ ታሪክ አምስታችሁም ካልተገኛችሁ አይራመድም። ችግሩ እዚያ ጋ ነው። እኛ እዚሁ ድሬ ለዓመታት የዘለቅነው "የመጣው ይጫወታል" ብለን ስለተነሳን ነው። ማስተሩና ሁለት ሰው ካለ ይጀመራል። የቀረው ይቀራል፣ ይቅርታም አይጠይቅም። ቀኑም አይቀየርም፤ እሑድ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል።

ይህ እንዲሠራ ግን ታሪኩ ራሱ ሰው የሚሳፈርበትና የሚወርድበት መሆን አለበት። ስለዚህ ባቡር መረጥን። ለድሬ ልጅ ስለ ባቡር ማስረዳት አያስፈልግም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ሰበብ ነው። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የእኛ ታሪክ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ውስጥ ይሄዳል። ካራክተሮቻችን አንዲት አስተርጓሚ፣ አንዲት ቡና ነጋዴ፣ ከጦር የከዳ ወታደርና ጨርቅ የሚያሾልክ ኮንትሮባንዲስት ናቸው።

እያንዳንዱ ምሽት አንድ ጣቢያ ነው። ኤረር አንድ ምሽት፣ አፍደም አንድ ምሽት፣ ሚኤሶ አንድ ምሽት። ነገሩ እዚያው ጣቢያ ይነሳል፣ ባቡሩ ፊሽካውን ሳይነፋ ደግሞ ማለቅ አለበት። ያልመጣ ሰው ካራክተሩ ፉርጎ ውስጥ ተኝቷል። ሰውየው ሲመጣ ይነቃል። በቃ። "ያን ጊዜ እኔ የት ነበርኩ?" ብሎ የሚጨቃጨቅ የለም።

ሌላም ጥቅም አለው። ጣቢያው ራሱን የቻለ ስለሆነ ማስተርነቱን እየተቀያየራችሁ መያዝ ትችላላችሁ። ሁሌ አንድ ሰው ብቻ ሲያዘጋጅ ይሰለቸዋል፤ እሱ ሲሰለቸው ደግሞ ካምፔይኑ ይሞታል።

ረጅሙን ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ምሽት የሚያልቅ ሞክሩ። እኛ ጋ በጣም የተወደደው የሐረሩ ነው። መሽቷል። የጁገል ግንብ አምስቱም በሮች ተዘግተዋል። እናንተ ውጭ ናችሁ፣ ጎህ ሳይቀድ ውስጥ መድረስ ያለበት ደብዳቤ ይዛችኋል። ከግንቡ ሥር ጅብ የሚሾልክበት ቀዳዳ አለ። ጅቡም አለ። ይኸው ነው፣ ማስተሩ ከዚህ በላይ መዘጋጀት የለበትም። አንዱ ዘበኛውን በወሬ ሊይዘው ይሞክራል፣ አንዱ ሥጋ ፍለጋ ይሄዳል፣ አንዱ ቀዳዳው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። የሐረር ሰው አብሯችሁ ካለ ደግሞ የትኛው በር የት እንደሆነ ሲያርማችሁ ያድራል።

ዳይሱ ቀላል ነው። ዲኤንዲ የሚጠቀምበትን ባለ 20 ፊት ዳይስ የሚተካ አፕ ስልክ ላይ በነፃ ታገኛለህ። ስልክ ካልፈለጋችሁ ከ1 እስከ 20 ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ ኩባያ ውስጥ ጨምሩ። ብቻ የወጣውን ወዲያው መልሳችሁ ክተቱ። አለበለዚያ 20 የወጣለት ሰው ለሌላው በሩን ዘጋበት ማለት ነው። መጽሐፍም መግዛት የለባችሁም። የዲኤንዲ መሠረታዊ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ በነፃ ፈቃድ ተለቋል። ወደ 400 ገጽ ይሆናል፣ ሁሉን እንዳታነበው። እንግሊዝኛው ሰውን አስሮ ያስቀራል።

እኔ ብሆን ግን በሁለት የሉዶ ዳይስ እጀምር ነበር። አፖካሊፕስ ወርልድ የሚባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2010 ያመጣው መንገድ ነው። ሁለቱን ትጥልና ትደምራለህ። 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያሰብከው ሆነልህ። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካልሃል፣ ግን ያስከፍልሃል። 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማስተሩ የፈለገውን ያመጣብሃል። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አለው። ከእነሱ 6ቱ ሙሉ ድል ናቸው፣ 15ቱ መሃለኛ፣ 15ቱ ውድቀት። ካራክተሩ በሙያው ሲሠራ 1 ጨምሩለት፤ ያኔ 10 ለ16 ለ10 ይሆናል። ታሪክ የሚወልደው መሃለኛው ነው። ዘበኛው ያሳልፍሃል፣ ግን ፊትህን ለይቶታል። በሌላ ጣቢያ ታገኘዋለህ።

ቋንቋን በተመለከተ አትጨነቁ። እኛ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን እንደ ወትሮው ቀላቅለን ነው የምንጫወተው። እንዲያውም አስተርጓሚዋ ሆን ብላ አዛብታ ስትተረጉም ከሁሉ በላይ የምንስቀው ያኔ ነው። በምርቃና ሰዓት ግን አልመክርም። ሁሉም ዕቅድ ያወጣል፣ ዕቅዱን የሚፈጽም አንድ ሰው አይገኝም።

ቦርድ ጌሙንም አትጣሉት። ማስተሩ የቀረበት ምሽት የእሱ ነው። ሞኖፖሊ ካላችሁ ብዙ ሰው የሚዘለውን አንድ ሕግ መልሱ፦ የቆመበትን ቦታ ያልገዛ ሰው ካለ ቦታው ወዲያው ለጨረታ ይወጣል። ነፃ ማቆሚያው ላይ ደግሞ ብር አታጠራቅሙ፤ ሕጉ ውስጥ የለም። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ እስከ እኩለ ሌሊት የሚጎተተው ጨዋታ በጊዜ ያልቃል።

ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ግን ካታን የሚባለው ቦርድ ጌም ይበልጥብኛል፤ ማንም ከጨዋታ አይወጣም። እኛ ለራሳችን ከካርቶን ቆርጠን ነው የሠራነው። 19 ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ ነው፦ እንጨት፣ ስንዴና በግ አራት አራት፣ ሸክላና ማዕድን ሦስት ሦስት፣ በረሃ አንድ። ቁጥሮቹ 18 ናቸው፤ 2 እና 12 አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ 7 የለም። ካርዱን ወፍራም አድርጉት። ቬንትሌተር ባለበት ቤት ስስ ወረቀት ሲበር ታድራላችሁ፣ ቬንትሌተሩን አጥፉ ማለት ደግሞ ድሬ ላይ አይቻልም።

አንዱ ጓደኛህ ወላጆቹ ዳይስ ሲያዩ "ቁማር ነው" ይላሉ ያልከው እኛም ጋ ነበረ። እዚያ ቤት ስትጫወቱ ገንዘብ የሚመስል ነገር ጠረጴዛው ላይ አታውጡ፣ የሞኖፖሊ ብርም ቢሆን። ሉዶ ሁሉም ቤት ስለሚታወቅ የሉዶ ዳይስ ብዙም አያስጠይቅም። ከዚያ አባትየውን አስገቧቸው። ምድር ባቡር የሠራ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ቤት ድሬ ውስጥ ብዙ አይደለም። ስለ ጣቢያ ሹሞችና ስለ ፍተሻ ጠይቋቸው፣ እያወሩ የሚቀጥለውን ምሽት ታሪክ ያዘጋጁላችኋል።

የጁገሉን ታሪክ በአንድ ገጽ ጽፌዋለሁ። ከፈለግክ እዚሁ ንገረኝና ፎቶ አንስቼ እለጥፈዋለሁ። ጽሑፌ ትንሽ ያስቸግራል።